ለጎጃም ገጠር መንገድ የሚሆን ጂፒኤስ እንዴት ይመረጣል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር ለሚገባ ሰው ጂፒኤስ እምብዛም አያስፈልገውም፤ አስፋልቱን ይዞ መሄድ ይበቃዋል። መሣሪያው የሚፈለገው ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወደ መርጡለ ማርያም ገጠር ወይም ከቻግኒ አልፎ ወደ ጉባ ቆላ ለሚዘልቅ መንገደኛ ነው። እንዲህ ላለው ጉዞ ሲገዛ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የስክሪኑን ስፋት ነው፤ በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ካርታው ነው።

ያሉበትን ቦታ ማወቅ ለማንኛውም መሣሪያ ቀላል ነው። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የሚዞሩት ሳተላይቶች ምልክታቸውን ለሁሉም በነጻ ይለቃሉ፤ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ከደረሰ ከፍታው ጭምር ይታወቃል። ካርታው ግን ከሰማይ አይወርድም። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ የመኪና ጂፒኤስ ኢትዮጵያን በጥቂት ዋና መንገዶች ብቻ ሊያሳይ፣ ወይም ጭራሽ ባዶ ሊተዋት ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መሣሪያውን አስከፍቶ ጎጃምን መፈለግና እስከ መጨረሻው አቅርቦ ማየት ይገባል። ከሞጣና ከቢቸና የሚገነጠሉት ኮረኮንችና ጥርጊያ መንገዶች ካልታዩ፣ በሚሞሪ ካርድ ሌላ ካርታ ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ነው። የሚቀበል ከሆነ በጎ ፈቃደኞች በጋራ ከሚሠሩት ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባል የኢንተርኔት ካርታ የተዘጋጀ ነጻ ካርታ ይጫንበታል፤ የማይቀበል ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ባይገዛ ይሻላል።

ካርታው የኮንቱር መስመር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር፣ እንዲኖረውም ያስፈልጋል፤ መስመሮቹ በተጠጋጉ ቁጥር መሬቱ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ዐባይ ጎጃምን በሦስት በኩል ስለከበባት፣ ከመርጡለ ማርያም ማዶ ያለ የወሎ መንደር በስክሪኑ ላይ ቅርብ መስሎ ይታያል። መንገድ ያጣ መሣሪያ ቀጥታ መስመር አስምሮ አጭር ርቀት ሲነግር፣ አሽከርካሪው በመካከሉ ገደል መኖሩን የሚረዳው ከኮንቱሩ መጠጋጋት ነው። በሸለቆው ውስጥ ደግሞ ገደሉ ሰማዩን ስለሚጋርድና ምልክቱንም እያንጸባረቀ ስለሚያሳስት፣ ከጂፒኤስ ሳተላይቶች ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ ወይም የአውሮፓውን ጋሊሊዮ የተባሉትን የሳተላይት ሥርዓቶች ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ይመረጣል።

ከመኪናው ለማይርቅ ሰው ከሲጋራ መለኮሻው ኃይል የሚወስደው ዓይነት ይበቃል። ከመኪና ወርዶ በእግር ወይም በበቅሎ የሚቀጥል ግን በትንንሾቹ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠራውን የእጅ ጂፒኤስ ይያዝ፤ መብራት በሌለበት ሱቅም ድንጋይ አይጠፋምና።

ስልክ ያለ ኔትወርክም ቦታን ስለሚያውቅ፣ ካርታው ቀድሞ ከተጫነበት ጥሩ መጠባበቂያ ነው። ሆኖም የሳተላይቶቹ ሙሉ መረጃ በሰማይ በኩል እስኪደርስ 12 ደቂቃ ተኩል ስለሚፈጅ፣ ማንኛውንም መሣሪያ ከመነሣት በፊት ሜዳ ላይ ከፍቶ ማቆየት ይጠቅማል።

በመጨረሻ ሁለት ማስተካከያዎች ይታያሉ። ነባሮቹ የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ልኬት (የነጥቦች አቀማመጥ በሚለካበት መሠረት) ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ግን ደብልዩጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ልኬት ስለሆነ፣ ከወረቀቱ የተነበበ ነጥብ ሳይስተካከል ቢገባ 200 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ስለዚህ አዲንዳንን መምረጥ የሚያስችል መሣሪያ ይፈለግ። ሁለተኛው «አስፋልት ያልሆነ መንገድ ይቅር» የሚለው ምርጫ ነው። ይህ እንደበራ ከተተወ መሣሪያው ገጠሩን እንደሌለ ስለሚቆጥር፣ ከመገንጠያው ላይ ወደ ኋላ ተመለሱ ማለቱ አይቀርም።