ብሎኬትና ፌሮ እንዳይባክን፦ በአዳማ ግንባታ ላይ የሕንፃ ዲጂታል ሞዴልን እንዴት እንጠቀም

አዳማ ውስጥ ግንባታ ባለበት ሰፈር ሁሉ የብሎኬት ስብርባሪ፣ ቁርጥራጭ ፌሮና የደረቀ ሲሚንቶ ተቆልሎ ማየት የተለመደ ነው። ክምሩ ለባለቤቱ የባከነ ገንዘብ ሲሆን፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን ይደፍናል። ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ማላከክ ይቀናናል፤ ብዙው ብክነት ግን ግንበኛው ማንኪያውን ከማንሳቱ በፊት፣ ዲዛይኑ ሲሠራ የተወሰነ ነው። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ቢ.አይ.ኤም. የሚባለው፣ ሕንፃውን አስቀድሞ በኮምፒውተር ላይ በሞዴል የመሥራት አሠራር የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ሞዴሉ እያንዳንዱ ግድግዳ፣ ኮለን (ምሰሶ) እና ቧንቧ ከምን እንደሚሠራና ልኩ ስንት እንደሆነ የሚይዝ በመሆኑ፣ ስህተቱ በኮምፒውተር ላይ እያለ ይታረማል።

ስለ ፕሮግራሙ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ሬቪትና አርኪካድ በስፋት የታወቁ ናቸው፤ ክፍያቸው ለሚከብደው አነስተኛ ቢሮ ፍሪካድ፣ ወይም ብሌንደር ላይ የሚሠራው ቦንሳይ በነፃ ይገኛሉ። አርክቴክቱና የስትራክቸር መሐንዲሱ የተለያየ ፕሮግራም ቢጠቀሙም ሞዴሉን አይ.ኤፍ.ሲ. በተባለው ክፍት ፎርማት ይለዋወጣሉ።

ሞዴሉን ከመጀመርዎ በፊት ገበያ ወጥተው ይለኩ። ፌሮ የሚሸጠው በ12 ሜትር ቁመት ነው፤ የተለመደው ብሎኬት 40 ሳ.ሜ. ርዝመትና 20 ሳ.ሜ. ከፍታ አለው፤ ሆኖም ሊገዙበት ካሰቡት ማምረቻ ጥቂት ብሎኬቶችን በሜትር መለካት ይገባል። ሞዴሉ ውስጥ የሚገባው ልክ ይኸው በእጅ የተለካው ይሁን።

ቀጥሎ የወለሉን ከፍታ ከብሎኬቱ ጋር ያስማሙ። ከወለሉ እስከ ቢሙ (የአርማታው አግዳሚ) ሥር ያለው ከፍታ 2.60 ሜትር ነው እንበል። 12 ረድፍ ብሎኬት ከነሞርታሩ (ማያያዣው የሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ በረድፍ 1 ሳ.ሜ. ሲያዝ) 2.52 ሜትር ይሆናል፤ የተረፈችው 8 ሳ.ሜ. በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ በተሰበረ ብሎኬትና በብዙ ሞርታር ትሞላለች። ከፍታውን በሞዴሉ ላይ 8 ሳ.ሜ. ዝቅ ማድረግ ወይም አንድ ረድፍ ለመጨመር 13 ሳ.ሜ. ከፍ ማድረግ ይህን ያስቀራል። የደረጃው እርከንም አብሮ መከፋፈል ስላለበት፣ ውሳኔው የግንባታ ፈቃድ ፕላኑ ከመግባቱ በፊት ሊያልቅ ይገባል። የበርና የመስኮት ክፍተቶችንም በዚሁ ስሌት ያስተካክሉ።

የፌሮው ሥራ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትልቁን ገንዘብ የሚያድነውም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለ 14 ሚ.ሜ. ፌሮ በ5.20 ሜትር 100 ፍሬ ቢያስፈልግና ፌራዮው (ፌሮ ቆርጦ የሚያስረው ባለሙያ) ይህን ልክ ብቻ ነጥሎ ቢቆርጥ፣ ከየፌሮው ሁለት እያወጣ 50 ፌሮ ይጨርሳል፤ ከእያንዳንዱ 1.60 ሜትር ይተርፋል። ይህ በድምሩ 80 ሜትር፣ ማለትም ወደ 97 ኪሎ ብረት ነው። ሌላ ቦታ በዚያው ውፍረት የ3.40 ሜትር ቁራጭ ካስፈለገ ግን አንዱን 5.20 ከሁለት 3.40 ጋር ማጣመር 12 ሜትሩን ያለ ትርፍራፊ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለውን ጥምረት ለማግኘት የሞዴሉን የፌሮ ሠንጠረዥ ወደ ኤክሴል አውጥተው በውፍረት ይለዩት፤ የመቁረጫውን ዝርዝር አትመው ለፌራዮው ይስጡት። ፌሮ ለመቆጠብ ሲባል መሐንዲሱ የወሰነውን የመደራረቢያ ርዝመት (ሁለት ፌሮዎች ሲቀጣጠሉ ጎን ለጎን የሚደራረቡበትን ልክ) ማሳጠር ግን ፈጽሞ አይፈቀድም።

ከዚያ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ መስመሮችን ከስትራክቸሩ ጋር አንድ ላይ ከፍተው የሚጋጩበትን ቦታ ይፈልጉ። የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ በቢም ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ አርማታው ከተሞላ በኋላ በመሮ ከመፈልፈል ይልቅ አሁኑኑ መስመሩን ማዞር ወይም ክፍተቱን በፕላን ማስቀመጥ ይሻላል።

ግዢውንም ሞዴሉ በሚያወጣው መጠን በየወለሉ ይከፋፍሉት፤ በተለይ ሲሚንቶ በሳይት ላይ ሲቆይ እርጥበት እየሳበ ይጠጥራል። ባለቤቱ ሐሳቡን ቀይሮ ክፍል ለማስፋት ቢፈልግ፣ ግድግዳው ከመነካቱ በፊት ለውጡ ሞዴሉ ላይ ይሠራና የሚያስከትለው ተጨማሪ ዕቃ በቁጥር ይታየው። አንድ ወለል ባለቀ ቁጥር የተረፈውን ፌሮ አስመዝነው፣ የተሰበረውን ብሎኬት አስቆጥረው ከሞዴሉ ስሌት ጋር ያወዳድሩ፤ ልዩነቱ የታየበትን ቦታ የሚቀጥለው ወለል ዕቃ ከመታዘዙ በፊት ያስተካክሉ።