«ይውጣልኝ» ከማለት በፊት፦ በጡት እብጠት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ሰንጋ ተራ አጠገብ ወዳለው ላቦራቶሪያችን ገባ። በፌስታሉ ውስጥ የታሸገ ውሃ ባዶ ጠርሙስ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ደግሞ ከእናቱ ጡት የወጣ እጢ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ አራት ቀን ሆኖታል። «እንዳይበላሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያስቀመጥነው» አለኝ፣ አደራውን በሚገባ እንደ ተወጣ ሰው። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ቀደመኝ። እጢው የተዘፈዘፈው ናሙናን ከመበስበስ በሚጠብቀው ፎርማሊን ሳይሆን በደም ሥር በሚሰጥ የጨው ውሃ ነበር።

ፓቶሎጂስት ነኝ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቼ «ይህ እንዲህ ያለ ነገር ነው» ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ከእብጠቱ ሴሎችን በሚስበው ቀጭን መርፌም ብዙ ጊዜ የምወጋው እኔው ነኝ። ሌላው የሚሠራው ስህተት ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ የራሴም አልጠፋም፣ እመጣበታለሁ።

«ይውጣልኝ፣ ከዚያ ይመረመራል»

እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም። ሴትዮዋ እብጠት ታገኛለች፣ ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች፣ በማግስቱ ያገኘችው ሐኪም «ትንሽ ናት፣ በግማሽ ሰዓት እናወጣታለን» ይላታል። ግልግል ይመስላታል። እጢው ካንሰር ካልሆነ በእርግጥ ጠባሳ ብቻ ይተርፋታል። ካንሰር ከሆነ ግን ያ ግማሽ ሰዓት ብዙ ያበላሻል። ካንሰር መሆኑን አውቆ የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም ከዙሪያው ጤነኛውን ሥጋ ጨምሮ ይቆርጣል። ሳያውቅ የሚያወጣው እጢውን ብቻ ፈልፍሎ ያነሣል፤ ብዙ ጊዜ ርዝራዡ ጠርዙ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። የመጀመሪያው ስፌት ያለ ቦታው ከተቀመጠ ደግሞ ሊተርፍ ይችል የነበረው ጡት ሙሉ በሙሉ ሊነሣ ይችላል። አንዳንዱ የካንሰር ዓይነት ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞ ቢሰጠው ይሟሽሻል፤ መድኃኒቱ መያዝ አለመያዙም የሚለካው እጢው እዚያው ሳለ ነው። ቀድሞ ከወጣ መለኪያውም አብሮት ሄደ።

በወፍራም መርፌ ናሙና መውሰድ ግን ቦታውን አደንዝዞ በሩብ ሰዓት ገደማ የሚያልቅ፣ ስፌት የማያስፈልገው ሥራ ነው። የሚወጣው ከክብሪት እንጨት የቀጠኑ ጥቂት የሥጋ ክሮች ናቸው። እነዚያ ክሮች ካንሰር መኖሩን ብቻ ሳይሆን ካንሰሩ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞኖች ተቀባይ፣ እንዲሁም ኸርቱ (HER2) የተባለው ተቀባይ በብዛት ያለው መሆኑን ጭምር ይናገራሉ። የኢስትሮጅንን ሥራ የሚያግደው መድኃኒት ታሞክሲፌን ይጠቅማታል ወይስ አይጠቅማትም የሚለው የሚወሰነው በዚህ ነው። «ይውጣ ወይስ ይቆይ» የሚለው ክርክር የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ፦ እጢው ወጥቶ «መልኩ ደኅና ነው» ተብሎ መጣሉ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ዓይንም ማይክሮስኮፕ አይሆንም። ከሰውነትዎ የወጣ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ ከክሊኒክ አይውጡ።

ፎርማሊን

እጢ ከወጣ በኋላ እንደ ማንኛውም ሥጋ መበስበስ ይጀምራል፤ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑ ከእጢው ብዙ እጥፍ መብለጥ ይኖርበታል፤ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ። በጠባብ አፍ ጠርሙስ ተጨቁኖ የገባ እጢ ፎርማሊን ሲያገኘው ይደርቃል፤ ከዚያ ለማውጣት ጠርሙሱን በመቀስ የምንቀድበት ቀን ብዙ ነው። የተቀባዮቹ ምርመራ እንዲታመን ናሙናው በፎርማሊን ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። በመንገድ ላይ የሚሸከሙት ቤተሰቦች ይህን ማወቅ አይጠበቅባቸውም። ማወቅ ያለበት ዕቃውን የሚያስይዛቸው ሰው ነው።

«ብረት ከነካው ይቆጣል»

ይህን የሚሉኝን እናቶች አልቆጣቸውም። እያንዳንዳቸው አንዲት ጎረቤት አለቻቸው፦ ጡቷ ተቆረጠ፣ በዓመቱ ሞተች። ጎረቤቲቱ የመጣችው እጢው ቆዳዋን ካፈነዳ በኋላ እንደ ነበር ግን ማንም አያነሣም፤ ለቀስተኛው የሚያስታውሰው ቢላዋውን ነው። የናሙና መርፌ በሽታውን አሰራጭቶ ዕድሜ ያሳጥራል የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። ሁለት ዓመት መጠበቅ ግን ካንሰሩ እንዲሰራጭ ጊዜ ይሰጠዋል።

እንጦጦ ጸበል ለመግባት ሱባኤ የያዙ ሴቶችም ይመጣሉ። ማንም አይከለክላችሁም እላቸዋለሁ፤ መርፌውን ዛሬ ተወጉ፣ ውጤቱ ቀናት ይወስዳል፣ ቁስሉ አንድ ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ ሂዱና ተጠመቁ። አብዛኞቹ ይስማማሉ።

«አያመኝም፣ ስለዚህ ምንም አይደለም»

አብዛኛው የጡት ካንሰር ሲጀምር አያምም።

በቀጭን መርፌ ውጤት ብቻ መተኛት

የራሴ ስህተት ይኸው ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የ38 ዓመት ሴት በቀጭን መርፌ ወጋሁ። ስላይዱ ላይ ጤነኛ ሴሎች ብቻ አየሁና «ካንሰር አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። የአልትራሳውንድ ወረቀቷ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ አልጠየቅኋትም። ከሰባት ወር በኋላ ብብቷ አብጦ ተመለሰች። ወረቀቱን ያን ጊዜ አነበብኩት፤ ባይራድስ (የጡት ምስል ውጤት የሚመደብበት ደረጃ) 5 ይላል፣ ካንሰር የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው ማለት ነው። መርፌዬ ከእጢው ጎን አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ሳላይ መርፌ አላነሣም። እጅ የዳሰሰው፣ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራም ያየውና መርፌው ያመጣው ሦስቱ መስማማት አለባቸው። አንዱ ካፈነገጠ «ነጻ ነሽ» የሚለው ወረቀት ዋጋ የለውም፤ ናሙናው በወፍራም መርፌ፣ ቢቻል በአልትራሳውንድ እየታየ፣ እንደገና ይወሰዳል። ባይራድስ 3 ከሆነ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ በታች ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ተመልሶ ማየት ይበቃል። 4 እና 5 ያለ ናሙና አይታለፉም።

የልጃገረድ ጡት ላይ መቸኮል

የ19 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ትመጣለች። ስትነካ የምትንሸራተት፣ ክብ፣ ለስላሳ እጢ አላት። እናት «ዛሬውኑ ይውጣላት፣ ነገ ታገባለች» ትላለች። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ፋይብሮአዴኖማ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ምንነቱ ከተረጋገጠ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካላለፈና ካላደገ በክትትል ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንዱም በራሱ ይከስማል። አንዲት ልጅ ሦስት ጊዜ ተቀድዳ አራተኛ እጢ ይዛ መጥታ አውቃለሁ። እያደገ ከሄደ ግን ፊሎድስ የሚባለው፣ ፋይብሮአዴኖማን የሚመስልና አንዳንዴ ካንሰር የሆነ እጢ ሊሆን ስለሚችል ይውጣ። በወፍራም መርፌ ውጤት ላይ ፓፒሎማ (በወተት ቱቦ ውስጥ የሚበቅል እጢ) ወይም ያልተለመዱ ሴሎች ከተጻፉም ማውጣት ብዙ ጊዜ ተገቢ ነው፤ አብሮት የተደበቀ ካንሰር ሊኖር ይችላልና። ልጅቷ ራሷ በፍርሃት እንቅልፍ ካጣችና አስባበት ከወሰነችም ምክንያቷ በቂ ነው። የምትጠየቀው ግን እሷ ናት፣ እናቷ አይደለችም።

የምታጠባ እናት ደግሞ «ወተት ነው» ተብላ ትሸኛለች። ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ካልጠፋ ግን ይመርመር። እያጠቡም ሆነ እርጉዝ ሆነው ናሙና መስጠት ይቻላል።

የወጣቱ እናት ከሁለት ሳምንት በኋላ መጡ። ከበሰበሰው እጢ ላይ ካንሰር መሆኑን መለየት ቻልኩ፤ የተቀባዮቹ ምርመራ ግን የሚታመን አልነበረም። ጠባሳው ሥር ርዝራዥ ስለ ቀረ፣ ከዚያው ላይ በወፍራም መርፌ ናሙና ተወሰደላቸው። ሲጨርሱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጠየቁኝ፦ «አለቀ? ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ለምን አላደረጉልኝም?»