የጋዝ ቦይለር ከመግዛታችሁ በፊት፣ እንግሊዝ ላላችሁ

ቤት ገዝታችሁ ወይ የድሮው ቦይለር ዊንተር መሀል አልሰራ ብሏችሁ አዲስ ልታስገቡ ከሆነ ኮቴሽኑን እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው "ስንት ኪሎዋት ነው፣ ስንት ፓውንድ ነው" ብቻ ነው፣ ብሩ የሚባክነው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ከ2005 ወዲህ እዚህ አገር የሚገጠመው ከጥቂቱ በስተቀር ኮንደንሲንግ የሚባለው ቦይለር ነው፣ ማለትም ድሮ በጭስ ማውጫው ዝም ብሎ ይወጣ የነበረውን እንፋሎት ወደ ውሃ ይመልስና ሙቀቱን ለቤቱ ያስቀረዋል። እንግሊዝ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚገባው ቢያንስ 92 ፐርሰንት ኤፊሸንት መሆን አለበት። ስለዚህ ሱቅ ያለው ሁሉ በኢነርጂ ደረጃው ኤ ነው፣ ኤ ስለሆነ ብቻ አትግዙ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከራዲያተር ዞሮ የሚመለሰው ውሃ ነው፤ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሆኖ ካልተመለሰ እንፋሎቱ ውሃ አይሆንም፣ የከፈላችሁበት ሙቀት በጭስ ማውጫው ወጣ ማለት ነው። ገጥሞላችሁ የሚሄደው ሰውዬ ወደ ራዲያተር የሚወጣውን ውሃ 75 ወይ 80 ላይ አድርጎት ከሄደ፣ ኮምቢ (ታንከር ሳይኖረው የሻወሩንም ውሃ ራሱ የሚያሞቀው) ከሆነ የራዲያተሩን ብቻ ወደ 60 አውርዱት፣ ቤቱ በደንብ ከሞቀ ደግሞ ወደ 55 ሞክሩት። ራዲያተሩ እንደ በፊቱ እጅ አያቃጥልም ግን ቤቱ ይሞቃል፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ማብራት ብቻ ነው የሚፈልገው። የሙቅ ውሃ ታንከር ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ 60 መድረስ አለበት፣ ካልሆነ ባክቴሪያ ይራባበታል።

ኪሎዋቱ ላይ ደግሞ ትልቅ ሁሌ ጥሩ አይደለም። ኮምቢ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ለሻወር ነው እንጂ ለራዲያተር አይደለም፣ መካከለኛ ቴራስ ቤት ለማሞቅ ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎዋት በታች ይበቃዋል። 24 ኪሎዋት የሆነው በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ ይሰጣል፣ 30ው ወደ 12፣ 35ቱ ወደ 14። አንድ ሻወር ላለው ቤት ከ24 እስከ 30 በቂ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ኪችን ያለውን የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ እስከ መጨረሻ ክፈቱና ባልዲ ደቅናችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፣ 10 ሊትር ብቻ ከሞላ 35 ኪሎዋት መግዛት ምንም አይጨምርላችሁም ምክንያቱም ቦይለሩ ከመንገድ ያልመጣ ውሃ አይፈጥርም። ሁለት ሻወር እኩል የሚከፈትበት ትልቅ ቤተሰብ ከሆናችሁ ታንከር ያለው ሲስተም ይሻላል።

ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ ግን "ዝቅ ሲል እስከ ስንት ኪሎዋት ይወርዳል?" የሚለው ነው። እኔ ከብራንዱ በፊት ይሄን ነው የማየው። ቤታችሁ በአማካይ ቀን 4 ኪሎዋት ብቻ ፈልጎ ቦይለሩ ከ8 በታች መውረድ ካልቻለ በየደቂቃው ሲበራ ሲጠፋ ይውላል፣ ጋዝ ይበላል፣ ዕቃውም ቶሎ ያልቃል። እስከ 3 ገደማ የሚወርዱ አሉ፣ እነሱን ፈልጉ። ቴርሞስታቱንም ዝም ብሎ የሚያበራ የሚያጠፋ ሳይሆን ከቦይለሩ ጋር የሚነጋገር አድርጉት፣ ውጭ ሴንሰር ተደርጎለት ብርዱ ሲጨምር የውሃውን ሙቀት ራሱ የሚጨምር ከሆነማ በጣም ጥሩ።

ኮቴሽኑ ላይ ሲስተሙን ማጠብና ማግኔት ፊልተር መኖሩን እዩ፣ የድሮ ራዲያተር ውስጥ ያለው ጥቁር ዝቃጭ አዲሱን ቦይለር ነው የሚያበላሸው። ከቦይለሩ የሚወጣው ቀጭን የውሃ ቱቦ በውጭ የሚሄድ ከሆነ ወፈር ብሎ ይሸፈን፣ በረዶ ሲሆን ይደፈንና ቦይለሩ ይቆማል።

ገጣሚው የግድ ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ሰራተኞች መዝገብ ላይ የተመዘገበ ይሁን። የአገራችን ልጅ ነው፣ በርካሽ ይሰራልኛል ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ካርዱን አስወጡና ጀርባውን እዩ፣ የትኛው ስራ እንደተፈቀደለት እዛ ተጽፏል። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ቦይለሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ይኑር፣ ይሄ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ነው የሚቀረው። ዋራንቲው 10 ዓመት ቢሆንም በየዓመቱ ሰርቪስ ካላስደረጋችሁ አይቀበሏችሁም፣ የሰርቪሱን ወረቀትና ሲገጠም የሚመጣላችሁን ሰርተፍኬት አንድ ላይ አስቀምጡ፣ ቤቱን ስትሸጡ ጠበቃው ይጠይቃችኋል።