በእጅ ሲያስኬዱት የሚሠራ፣ ክሮን ላይ ግን ዝም የሚል ስክሪፕት

ስክሪፕቱ ተርሚናል ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ክሮንታብ (ሊኑክስ ላይ ትእዛዞችን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሳው የክሮን ፕሮግራም የሥራ ዝርዝር) ውስጥ ሲገባ ግን ውጤትም የለው፣ ስህተትም አይታይ። ስክሪፕቱን መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ ክሮን ሥራውን ጭራሽ አላስነሳውም ወይስ ተነስቶ መሀል ላይ ወደቀ? መልሱ ሎግ (ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ሲስሎግ በሚባለው አጠቃላይ መዝገብ ውስጥ (አዳዲስ ዴቢያን ላይ በጆርናልሲቲኤል ይታያል)፣ በሬድ ሃት ቤተሰብ ደግሞ ለክሮን ብቻ በተለየ ፋይል ውስጥ ትእዛዙ ከነሰዓቱ ይመዘገባል።

ምልክት፦ ሎጉ ላይ ምንም የለም

የክሮን አገልግሎት መነሳቱን እዩ። የክሮንታቡ የመጨረሻ መስመር ላይ ኢንተር ካልተመታ አንዳንድ ክሮኖች መስመሩን አይቀበሉትም። ሰርቨሩ በአገራችሁ ሰዓት ሳይሆን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) የሚቆጥር ከሆነም እናንተ በጠበቃችሁት ሰዓት አይነሳም። ዴቢያን ላይ ስክሪፕቱን በየቀኑ የሚሮጡ ስክሪፕቶች ፎልደር ውስጥ ከከተታችሁት ስሙን ተመልከቱ፤ ነጥብ ያለበት ስም፣ ማለትም ለምሳሌ መጨረሻው «.ኤስኤች» (.sh) የሆነ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይዘለላል።

ምልክት፦ ባላሰባችሁት ቀን ይነሳል

የወሩንም የሳምንቱንም ቀን ሞልታችኋል። በወሩ ቀን ቦታ 13፣ በሳምንቱ ቀን ቦታ 5 (ዓርብ) ብትጽፉ ዓርብ ላይ የዋለ 13ኛ ቀን ማለት አይደለም፤ በየዓርቡም፣ በየወሩ 13ኛ ቀንም ይሮጣል። አንዱን በክሮንታብ፣ ሌላውን ስክሪፕቱ ውስጥ ፈትሹ።

ምልክት፦ ሎጉ ተነስቷል ይላል፣ ሥራው ግን የለም

ብዙው ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ክሮን የስክሪፕቱን ውጤት በኢሜይል ለተጠቃሚው ይልካል፤ ማሽኑ ላይ ኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም ከሌለ ስህተቱ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ አናግሩት፦ በመስመሩ መጨረሻ >> ብላችሁ የአንድ ፋይል ሙሉ አድራሻ፣ ከእሱ በኋላ 2>&1 ጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስህተቱ ፋይሉ ውስጥ አይገባም።

ፋይሉ «ትእዛዙ አልተገኘም» ካለ ጥፋቱ የፓዝ (ትእዛዞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ነው። ክሮን ተርሚናል ስትከፍቱ የሚነበበውን የባሽ (ተርሚናል ላይ የምትጽፉትን ትእዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይል አያነብም፤ በተለምዶ የሚያውቀው «/ቢን» (/bin) እና «/ዩኤስአር/ቢን»ን (/usr/bin) ብቻ ነው። ራሳችሁ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነዚህ ውጪ ናቸው። የትእዛዙን ሙሉ አድራሻ ጻፉ፤ ወይም ፓዝን ክሮንታቡ አናት ላይ ዘርዝራችሁ አስቀምጡ። እዚያ ቦታ ላይ የዶላር ምልክት አይተረጎምም፤ የድሮውን ፓዝ ጠርታችሁ ልትቀጥሉበት አትችሉም።

«ፋይሉ የለም» ካለ፣ ክሮን የሚነሳው ከተጠቃሚው መነሻ ፎልደር ስለሆነ ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ወደ ራሱ ፎልደር ይግባ። ስለ [[ ካማረረ ደግሞ ያስኬደው ባሽ ሳይሆን ኤስኤች ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ይህ ዳሽ የሚባል ሌላ ተርጓሚ ነው፣ የባሽን ልዩ አጻጻፍ አያውቅም። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽን በግልጽ ይጥራ።

ተንኮለኛው ግን የፐርሰንት ምልክት ነው። ክሮንታብ ውስጥ % መስመሩን ይቆርጠዋል፤ ከእሱ በኋላ ያለው ለትእዛዙ እንደ ግብዓት ይገባል። የፋይል ስም ላይ ቀን የሚጨምሩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚወድቁበት ነው። \% ብላችሁ ጻፉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ስክሪፕቱ ውስጥ መክተት እመርጣለሁ።

ምልክት፦ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይነሳል

ክሮን የቀድሞው ማለቁን አይጠይቅም። ትእዛዙን በኤፍሎክ (ሁለተኛው እንዳይነሳ ፋይል ቆልፎ የሚይዝ ትእዛዝ) አስጀምሩት፤ ቁልፉ ከተያዘ ሳይጠብቅ እንዲወጣ የሚያደርገውን አማራጭ ተጠቀሙ።