ለአረር የሚስማማ የበርሜል ጥምዝ እንዴት ይመረጣል

በሱሉልታም ሆነ በሰንዳፋ አካባቢ የሚኖር፣ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የያዘ ሰው ጥይት ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ አረሩ፣ ማለትም ከአፈሙዙ ስለሚወነጨፈው የጥይቱ ጫፍ ክብደት ነው። ይሁን እንጂ ለበርሜሉ ጥምዝ (አረሩን እያሽከረከረ ሳይንገዳገድ እንዲበር ለሚያደርገው በበርሜሉ ውስጥ ለተቀረጸ ጠመዝማዛ ቦይ) ዋናው ጉዳይ የአረሩ ርዝመት ነው፤ ክብደት የሚቆጠረው ውፍረቱ እኩል የሆነ አረር በከበደ ቁጥር ስለሚረዝም ነው። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ደግሞ በክብደት እኩያው ከሆነው ባለ እርሳስ አረር ይረዝማልና የበለጠ ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል።

ጥምዝ የሚለካው አረሩ አንድ ሙሉ ዙር እስኪሽከረከር ድረስ በርሜሉ ውስጥ በሚጓዘው ርቀት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። የክላሽንኮቭ 240 ሚሊ ሜትር ነው። የራስን በርሜል ለማወቅ ካዝናውን አውጥቶ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንና በጣት ፈትሾ፣ እጀታው በነፃ በሚዞር መወልወያ ዘንግ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርጎ ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚያም ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጎ በዝግታ ሲስቡት ምልክቱ አንድ ዙር ዞሮ ወደ ነበረበት አቅጣጫ እስኪመለስ ድረስ ዘንጉ የተጓዘው ርቀት የበርሜሉ ጥምዝ ነው። ጨርቁ ከላላ ዘንጉ ይንሸራተትና ልኬቱ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ደጋግሞ መለካት ይገባል።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪንሂል በ1879 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር እርሳስ ለተሞላባቸው አረሮች ዛሬም ጥሩ መነሻ ነው፦ የአረሩን ውፍረት በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን በ150 ማብዛት፣ ከዚያም ለርዝመቱ ማካፈል። ውፍረቱ 7.82፣ ርዝመቱ 31 ሚሊ ሜትር የሆነ አረር 296 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠይቃል። በ5.56 ካሊበር 55 ግሬይን (3.6 ግራም) የሚመዝነው አጭር አረር 12 ኢንች ሲበቃው፣ 77 ግሬይን (5 ግራም) የሚመዝነው ረጅሙ አረር ግን 8 ወይም 7 ኢንች ይፈልጋል። በሁለት ጥምዞች መካከል የሚያመነታ ሰው ፈጠን ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ጉዳት የሚመጣው ሽፋናቸው ስስ የሆኑ ቀላል አረሮች እጅግ ሲፈጥኑና በአየር ላይ ሲበታተኑ ነው።

በእኛ ሰፈር በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው የአየሩ ስስነት ነው። ከባሕር ጠለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል፤ አየሩ ሲሳሳ አረሩን የሚያንገዳግደው ኃይልም ይቀንሳል። የአሜሪካው ኤም 16 ጠመንጃ የመጀመሪያ ጥምዝ ከ14 ወደ 12 ኢንች የተለወጠው በቀዝቃዛና እፍግ አየር አረሩ መረጋጋት ስላቃተው ነበር። ስለዚህ ሱሉልታ ላይ ለጥቂት የተረጋጋ አረር ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርዱበት ሊንገዳገድ ይችላልና፣ ጥምዙ በከፍታው ላይ ከሚበቃው ትርፍ ሊኖረው ይገባል።

በመጨረሻም በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ላይ ወረቀት ሰቅሎ መሞከር ነው። ቀዳዳው ክብ ከሆነ አረሩ በአፍንጫው እየገባ ነው፤ ሞላላ ከሆነ ግን በጎኑ እየተገለበጠ ነውና አጠር ያለ አረር መምረጥ ያስፈልጋል።