የፓርክ ጥገና በጀት ሲመጣ ሥራው ለአካባቢው ልጆች እንዲደርስ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ለዚያ የአካባቢው ሰው ብዙ ከፍሏል። ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። ስለዚህ ለፓርኩ ጥገና የመንግሥት ብር ሲመደብ ቅድሚያው የእነሱና የጎረቤቶቻቸው ልጆች ሊሆን ይገባል። ግን ዝም ብሎ አይመጣም።

መጀመሪያ ጊዜውን እወቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። መስከረም ላይ ብትሄዱ ነገሩ አልቋል። በበጋው፣ ዕቅዱ ገና ሲረቀቅ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ወረዳው ዘንድ ሄዳችሁ ምን ሊጠገን እንደታሰበ ጠይቁ። እስከዚያው በማኅበር ተደራጁ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፣ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። በስካውትነት (በፓርክ ጥበቃ) ወይም በበቅሎ ጫኝነት የሠራ ሰው ካገኛችሁ አስገቡት፤ ገደሉን የሚያውቀው እሱ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ሥራው እንዴት ተከፋፍሎ እንደሚወጣ ነው። ፓርኩ ውስጥ ያለውን የሳንቃበር ካምፕ መንገድ፣ የካምፑን ቤት፣ የውሃ መውረጃውን ሁሉ ጠቅልለው በአንድ ጨረታ ካወጡት ትልቅ ኮንትራክተር ይወስደዋል፣ ግንበኛውንም ከሌላ ከተማ ይዞ ይመጣል፣ ለእናንተ የሚተርፋችሁ ድንጋይ መሸከም ብቻ ይሆናል። የእግረኛ መንገድ፣ እርከን፣ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) እና ችግኝ ለየብቻ ለማኅበራት እንዲሰጥ በጽሑፍ ጠይቁ። ኮንትራክተሩ በሚይዘው ክፍል ላይም ከአካባቢው ስንት ሰው እንደሚቀጠር፣ የቀን ክፍያው ስንት እንደሆነና በየስንት ቀኑ እንደሚከፈል ውሉ ላይ ይስፈር። በቃል የተባለ ነገር ሥራ ሲጀመር ማንም አያስታውሰውም።

ሥራውን በደንብ ልመዱት። የእግረኛ መንገዱን የሚበላው ክረምት ላይ መንገዱን ተከትሎ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ መንገዱን አቋርጣችሁ፣ አንዱ ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ እንዲያይ ትንሽ በሰያፍ አድርጋችሁ፣ ከግማሽ በላይ ቀብራችሁ ደርድሩ። ውሃው እሱን ሲያገኝ ከመንገዱ ወጥቶ ሳሩ ላይ ይበተናል። ማሽን አይፈልግም፤ ዶማ፣ መዶሻና ባሬላ ይበቃል። ድንጋዩን ግን ከፓርኩ ውስጥ እንዳትፈነቅሉ፣ ከየት እንደሚመጣ ቀድማችሁ ተስማሙ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙዎች የሚረሱት። ድንጋዩ ሥር የተጠራቀመው ደለል በየዓመቱ ካልተጠረገ ውሃው ዘልሎት ያልፍና ልፋታችሁ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ለጥገናው ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ለእንክብካቤ የሚቀጠሩ ሰዎች ደመወዝም እንዲያዝ ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል የእስራኤል ባለሙያዎች እስኪደርሱ ከእሳቱ ጋር የታገለው የአካባቢው ሰው ነበር። እነዚህ ቋሚ ሠራተኞች የእሳት ማጥፊያ ሥልጠናና መሣሪያም ይገባቸዋል። ይህንንም እዚያው ደብዳቤ ላይ አስገቡት፣ ግልባጩ ላይ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።