ከዳምቤል በፊት ፑል አፕ፦ ጥምርና ነጠላ እንቅስቃሴን እንዴት እናመጣጥን?

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ አመሻሽ ላይ ጂም የሚገባ ወጣት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት) ነው። መስታወት ፊት ቆሞ ስድስት ዙር ከርል (ክብደት ይዞ ክንድን ማጠፍ) ከሠራ በኋላ ወደ ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ሲሄድ ጀርባው ገና ሳይደክም ክንዱ ይከዳውና አራተኛው ላይ ይወርዳል። በዚያ ቀን ጀርባው አልሠራም ማለት ነው።

ስለዚህ እንደ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ዴድሊፍት (ክብደትን ከመሬት ማንሣት)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ክብደትን ወደ ላይ መግፋት) እና ፑል አፕ ያሉትን፣ ከአንድ በላይ መገጣጠሚያ የሚያንቀሳቅሱ ጥምር እንቅስቃሴዎች ጉልበትዎ ሳይነካ ያስቀድሙ። ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን መርጠው፣ እያንዳንዱን ከ6 እስከ 10 ድግግሞሽ ባለው 3 ወይም 4 ዙር ይሥሩ፤ በዙሮቹ መካከልም ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይረፉ። እንደ ከርል አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ለሚያንቀሳቅስ ነጠላ እንቅስቃሴ ከ10 እስከ 15 ድግግሞሽ ያለው 2 ወይም 3 ዙር ይበቃል።

ዋናው ጥያቄ የትኛውን ነጠላ እንቅስቃሴ እንጨምር የሚለው ሲሆን፣ መልሱም የሚገኘው ጥምሩ ምን እንዳስቀረ በማየት ነው። ስኳት የጭንን ፊትና መቀመጫን አጥብቆ ያሠራል፤ የጭን ጀርባ ጡንቻ ግን ከዳሌም ከጉልበትም ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ከቁጢጥ ስንነሣ በዳሌ በኩል ሲያጥር በጉልበት በኩል ስለሚረዝም ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በስኳት ብቻ ብዙ የማያድገውም ለዚህ ነው። ማሽን ከሌለ በሆድ ተኝቶ፣ ቀላል ዳምቤል በሁለት እግር መካከል አጥብቆ ይዞ ጉልበትን ማጠፍ ይቻላል። የትከሻ ጎንም ከቤንች ፕሬስ የሚያገኘው ጥቂት ስለሆነ ክንድን ወደ ጎን ማንሣት ይገባዋል።

ክንድ ግን ሳይታወቅ ብዙ ሠርቷል። ለአንድ ጡንቻ በሳምንት ከ10 እስከ 20 ዙር የተለመደ መጠን ነው፤ አንድ የፑል አፕ ዙር ለክንድ እንደ ግማሽ ቢቆጠር፣ በሳምንት 8 ዙር የሠራ ሰው 4 አግኝቷልና 6 ዙር ከርል ይበቃዋል። ጀማሪ ከሆኑ ከዚህም ይቀንሱ።

በቆርቆሮ ሲሚንቶ ተሞልቶ በቱቦ በተያያዘ ብረት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ ክብደቱን በየጊዜው ለመጨመር መጠኑን ማወቅ ግድ ነውና ወደ እህል ነጋዴ ወስደው ያስመዝኑት፤ ሁለቱ ቆርቆሮዎች እኩል መሆናቸውንም፣ ቱቦውን መሐሉ ላይ በገመድ አንጠልጥለው ወደ አንድ ጎን አለማዘንበሉን በማየት ያረጋግጡ።